ባለቤት ያጣ ቀለም

«መንገዱ እንዴት ነበር? ከሚዛን እስከዚህ ያለው ጭቃ መቼም አይጣል ነው። ትናንት ማታ እንደ ጉድ ሲወርድ አደረ፤ እናንተ ዘንድስ ዘንቧል? አይ፣ ጫማችሁ ንጹሕ ነው። በመኪና ነው የመጣችሁት ማለት ነው፤ እሰይ፣ ሽማግሌ በእግሩ ሲንከራተት ደስ አይለኝም። እኛ ዘንድ ቡናው ዘንድሮ ደህና ነው። ቅርንጫፉ እስኪጎነበስ ይዞ ነበር፤ ለቅመን ይኸው ማድረቂያ አልጋው ላይ አሰጣነው። ጦጣዋም ድርሻዋን ወስዳለች። ከሷ ጋር ተግባብተናል። በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት መጥታ ነው የምትወስደው። ስታያት ታይሃለች… አትደበቅም።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። በሸዋ ቤንች ወረዳ ገሠሠን የሚያውቅ ሁሉ፣ ለሰላምታ እንኳ ቃል የሚቆጥብ ሰው መሆኑን ያውቃል። ጎረቤቱ ሲሞት «ጥላው ቀረ» ብሎ ተቀምጦ እስኪቀበር ሌላ አልተናገረም ይባልለታል። ያ ሰው ዛሬ ስለ ጦጣ ያወራል።

የመጡበትን ጉዳይ ገሠሠ ያውቀዋል። የቡና ገበሬዎቹ ማኅበር ጸሐፊ የገሠሠን ልጅ ህሊናን ለትዳር ጠይቁልኝ ብሎ ነው የላካቸው። መሪያቸው አቶ ካሣዬ የጸሐፊው አጎት ናቸው። ከኋላቸው በሚዛን ሱቅ ያለው ሰይፈዲንና አንድ ዝምተኛ ሽማግሌ ቆመዋል። ሽማግሌ የመጣበትን ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ደንብ ነው። ስለዚህ ሦስቱም ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው በረንዳው ላይ እንደቆሙ ናቸው። ገሠሠ ግን የዋንዛ ጠረጴዛውን ወደ ብርሃን አውጥቶ፣ መሐሉ ላይ የተንሰራፋውን ወይን ጠጅማ እድፍ አንዴ አረቄ በነከረው ጨርቅ ያሻል፣ አንዴ በጠርሙስ ስባሪ ይፍቃል። ቀና ሳይል ቀጠለ።

«እጄን ስላልሰጠኋችሁ አትቀየሙኝ። አረቄ አረቄ ይላል። ጠጥቼ እንዳይመስላችሁ፤ ጠረጴዛው ነው የሚጠጣው። ቁጭ በሉ ብላችሁ እንደማትቀመጡ አውቃለሁ፤ ደንቡ ደንብ ነው። ግን ከደከማችሁ ተደገፉት፤ ቀለሙ ደርቋል። ዓመት ሊሞላው ነው።

ይህ እንጨት ዋንዛ ነው፣ አቶ ካሣዬ። አባቴ ለቡናው ጥላ ብሎ ያስቀረው ዛፍ ነበር። ነፋስ ጣለው፤ አናጢ ጠርቼ ለህሊና ጠረጴዛ አሠራሁት። ልጅ ስትዳር ባዶ እጇን ከአባቷ ቤት አትውጣ ብዬ ነው። ታዲያ አምና የማኅበሩን መጋዘን ጣራ ዐውሎ ነፋስ አንሥቶ ወሰደው። "ገሠሠ፣ ያንተ በረንዳ ሰፊ ነው፤ የዘንድሮን እሸት ቡና እዚያ እንረከብ" አሉኝ። እሺ አልኩ። ደስም አለኝ። እንግዳ በረከት ነው ይባል የለ?

እና አንድ የተከበሩ ሰው መጡ። ስማቸውን አልጠራም። ስም እየጠሩ ማውራት ሰውን ማሳነስ ነው፤ እናንተም አትጠይቁኝ። ወጣት ናቸው፣ ግን አንቱ ያሰኛሉ። ማኅተም ሲመቱ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ኧረ ማየት ነው! እጃቸው ከላይ ሲወርድ ግድግዳዬ ይነቃነቃል። ዶሮዎቹ እንኳ ለምደውት ነበር፤ "ጧ!" ሲል አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ፣ ከዚያ ወደ ጥሬያቸው ይመለሳሉ። ባለ ማኅተም ሰው እቤቴ ውሎ አያውቅም ነበርና እኔም ከነዶሮዎቼ ኮራሁ። ባለቤቴ የዓለምዘርፍ በየቀኑ እርጎ ታቀርብላቸዋለች። ህሊና ትቀዳላቸዋለች። እሳቸው "እግዜር ይስጥልኝ" ይላሉ። አፋቸው ማር ነው። ከሸኮ ጫካ የተቆረጠ ማር እንደሳቸው አፍ አይጣፍጥም።

አንድ ቀን የማኅተሙ ቀለም ጠርሙስ ተደፋ።

ማን ደፋው? እኔ ምን አውቃለሁ… ጠርሙስ አይደል፣ እግር አውጥቶ ይሆናል። ሰው ቤት የገባ ጠርሙስ አንዳንዴ እግር ያወጣል። እኔ ከቡና አልጋው ስመለስ ጠረጴዛው ላይ የዓለምዘርፍ ዳንቴል ተነጥፏል። ዳንቴሉ ላይ የእርጎ ኩባያ። ከኩባያው አጠገብ እሳቸው፣ ልብሳቸው ሳይጨማደድ ተቀምጠዋል። እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! ቤቴ ያን ቀን የሹም ቤት መሰለኝ። ኩባያውን ሳነሣው ግን ዳንቴሉ አብሮ ተነሣ፤ ከሥር ወይን ጠጅ ሆኗል።

"ማን ነው?" አልኩ። ከዚህ ሌላ አልተናገርኩም።

ህሊና ከጓዳ ወጣችና "እኔ ነኝ አባባ" አለች።

እጇን አየሁት። እስከ ክርኗ ሊጥ ነው። ቀለም የሚባል የለበትም። እንግዲህ ይህቺ ልጄ ጓዳ ሊጥ እያቦካች በረንዳ ላይ ቀለም ደፍታ፣ ዳንቴል አንጥፋ፣ ኩባያ አስቀምጣ፣ አንድ ጠብታ ሳይነካት ተመልሳ ሊጧን የምታቦካ ናት! ይህን ሁሉ ሙያ ሳላውቅላት ነው ያሳደግኋት። አባት ዕውር ነው የሚሉት እውነታቸውን ነው።

የሳቸው እጅስ? የሳቸው እጅ ኪሳቸው ውስጥ ነበር። በርዷቸው ነው መሰለኝ። ፀሐዩ ከላይ ውሻ ያስለከልካል፤ እሳቸው ይበርዳቸዋል። የቢሮ ሰው ገላው ስስ ነው፣ አይደለም እንዴ?»

አቶ ካሣዬ ባርኔጣቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። አንድ ነገር ሊሉ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ። ገሠሠ ከአረቄው ጥቂት በጨርቁ ላይ አፈሰሰና ነገሩን ቀደማቸው።

«ቆይ፣ ገና ደጉን አልነገርኳችሁም። ሰውን ማማት ብቻ እንዳይሆንብኝ። እሳቸው ከወንበራቸው ተነሡ። ተነሡ ነው የምላችሁ! ከመጡ ጀምሮ እኔ ስገባ ተነሥተው አያውቁም። "ጋሼ ገሠሠ፣ ልጅ ናት፤ ልጅ ያጠፋል። ለኔ ሲሉ ይማሯት" አሉኝ።

ለሳቸው ስል ማርኳት።

እስቲ እናንተ ሽማግሌዎች ናችሁ፣ አገር ታስታርቃላችሁ፤ እንዲህ ያለ አማላጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ሰው ለራሱ ምሕረት ሲለምን አውቃለሁ። ለዘመዱም ሲለምን አውቃለሁ። የገዛ ጥፋ… አይ፣ ተውኩት። ምላሴ ለምዶ አያውቅምና ይስታል። ብቻ እናንተን መላካቸው ገረመኝ። የሚያማልድ አፍ ራሳቸው ላይ በቅሎላቸው ሳለ ሦስት ሰው ከሚዛን ምን ያንከራትታል?

ከዚያ በኋላ እድፉን ማስለቀቅ መጣ። ይህን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ይጠቅማችኋል። እናንተም ጠረጴዛ አላችሁ፣ እሳቸውም ዘመዳችሁ ናቸው… ይመጣሉ።

መጀመሪያ ሎሚና ጨው ነው አሉን። ህሊና ሎሚ ቆረጠች፣ ጨው ነሰነሰች፣ ተንበርክካ አሸች። ቀለሙ ሎሚውን ወደደው። ከሎሚው ጋር እየተንሸራሸረ ወዲያ ጥግ ድረስ ሄደ፤ ይኸው መንገዱ። እሳቸው እንዳትቸገር ብለው ወንበራቸውን ሳብ አደረጉ። ከጠረጴዛው የሚንጠባጠበውን ስትጠርግ ደግሞ እግራቸውን አነሡላት። ሁለቱንም እግር! ደግነት ሲበዛ እንዲህ ነው። አንዱን አንሥተው ቢተዉም ማን ይጠይቃቸው ነበር?

ሰይፈዲን ወንድሜ፣ በረኪናውን ካንተ ሱቅ ነው የገዛነው። አትደንግጥ፣ ልመልስልህ አይደለም። ጥሩ በረኪና ነው። የነካውን እንጨት ሁሉ ነጭ አደረገው። ይኸው ዙሪያውን ተመልከት፣ እንደ ለምጽ። መሐሉ ግን የጠጣውን ጠጥቶ ተቀምጧል። ያላጠፋው እንጨት ነጣ፣ ያጠፋው ቀለም ከበረ። ምን ይደረግ? በረኪና ዳኛ አይደለም፤ ማን ጋ መሄድ እንዳለበት አያውቅም።

ላምባም አፍስሰናል። የዓለምዘርፍ ናት ያፈሰሰችው፣ ንዴት ይዟት። ከዚያ ወዲያ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የቀረበ ወጥ ሁሉ ላምባ ላምባ ይል ጀመር። እኔ ዱር ነው ያደግኩት፣ ግን አልቻልኩም፤ ድስቱን ይዤ ደጃፍ ላይ መብላት ጀመርኩ። እሳቸው ግን አልተዉንም። እዚሁ ተቀምጠው "የህሊና እጅ ይጣፍጣል" እያሉ ይጎርሱ ነበር። ሆደ ሰፊ ናቸው። እንደሳቸው ሁሉን ዋጥ የሚያደርግ ሰው አላየሁም።»

ገሠሠ የጠርሙሱን ስባሪ አስቀመጠና የፋቀውን ዱቄት በእስትንፋሱ እፍ አለው። ዱቄቱ ተነሥቶ በአቶ ካሣዬ ጫማ ላይ አረፈ። አቶ ካሣዬ እግራቸውን አላነሡም። ከጓዳ በርበሬ የሚወቀጥበት የሙቀጫ ድምፅ፣ ዱም ዱም እያለ ይሰማል። የምትወቅጠው ህሊና እንደሆነች ገሠሠ ያውቃል። ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገ።

«አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ከበሩ ውጭ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር አንድ ሞተር ሳይክል አያለሁ። የእናንተ ነው? እናንተ በመኪና ነው የመጣችሁት፣ እውነት ነው። የኛም አይደለም፤ እኛ ካህያ ሌላ የለንም። እንግዲያ የማንም አይደለም ማለት ነው። ምስኪን! ቁልፉ እንኳ ላዩ ላይ ይብለጨለጫል። ከዛፉ ኋላ ደግሞ የጫማ አፍንጫ የሚመስል ነገር አለ፤ ዐይኔ ደክሞ ይሆናል። ሚስት የሚጠየቅለት ሰው ከሽማግሌ ጋር አይመጣም፤ ነውር ነው። ስለዚህ ጫማ አይደለም፤ እንጉዳይ ነው። ከዝናብ በኋላ ይወጣል።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። እኔ ግን እንዲህ ያለ ነገር አይከፋኝም። እንጉዳይም ቢሆን አጥሬን ይደገፍ። ፀሐዩ ከጠነከረበት ወደ ጥላው ገባ ይበል።

ምን ላይ ነበርኩ? አዎ፣ ጥፍሯ። ሎሚው፣ በረኪናው፣ ላምባው ተደራርቦ የህሊና ጥፍር ወይን ጠጅ ሆነ። እጇ ቀለም የነካው ያኔ ነው፤ ልብ አድርጉልኝ፣ ሌላው ሲታጠብ እሷን ነካት። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ሴቶቹ "ምን ተቀባሽ?" ይሏታል። አንዷማ "ለማን ነው የተኳኳልሽው?" አለቻት። እጇን በነጠላዋ ሸፍና ቆማ ታስቀድሳለች። እሳቸውም እዚያው ናቸው፣ ከወንዶች በኩል፣ ከፊት። እጃቸውን ዘርግተው ሲጸልዩ ከሩቅ ያበራል። ለሚያምርበት ሰው ሳሙና እንዴት ይታዘዛል!

እኔ ጠበቅሁ። ሞኝ ነኛ! "ዛሬ ይሉኛል፣ ነገ ይሉኛል" እያልኩ ጠበቅሁ። "ጋሼ፣ እጄ ስቶ ነው" ቢሉኝ ምን እላቸው ነበር? ቀለም ነው፣ ሰው አልሞተ። "እርጎህን ጠጣ" ነበር የምላቸው፤ በእግዜር ስም እነግራችኋለሁ፣ ከዚያ ወዲያ ልጄን እንኳ ቢጠይቁኝ… ተውኩት። ቡናው አለቀ፣ የመጋዘኑ ጣራ ተሠራ፣ ማኅተማቸውን አንሥተው ሄዱ። ሲሄዱም ጠረጴዛውን መታ መታ አድርገው "አይዟችሁ፣ በጊዜ ብዛት ይለቃል" አሉን። ዝምታ ወርቅ ነው ይሉ የለ? እሳቸው በኔ በረንዳ ላይ ሀብታም ሆነው ሄዱ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉትም ተረት አለ። ከአፍ ያልወጣውስ የት ይሄዳል? ይኸው፣ እዚህ ተቀምጧል፣ እፍቀዋለሁ።

እሷም ጠብቃለች፣ አቶ ካሣዬ። ይህን የምላችሁ አባቷ ስለሆንኩ ነው። ለምን "እኔ ነኝ" እንዳለች አልጠየቅኋትም፤ አንዳንድ ነገር አባት አይጠይቅም። እንደገባኝ ከሆነ ሸክሙን ለአንድ አፍታ ነው የተቀበለቻቸው። አንድ ሰው ጫማውን እስኪያስር "ያዥልኝ" ብሎ እንደሚሰጣት ዕቃ። እሳቸው ጫማቸውን አስረው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እሷ ይዛ ቆመች። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች። አሁን አሁን ቀና ማለቱን ትታለች።

"አዲስ ጠረጴዛ እናሠራለን" ልትሉኝ ነው፤ ዐይናችሁ ላይ አየሁት። እግዜር ይስጥልኝ። የጠረጴዛ ችግር የለብኝም። ይህንም ቢሆን ነገ መላጊያ ላስነካው እችላለሁ። እንጨት ነው፤ ትንሽ ይሳሳል እንጂ ይጠራል። ልጄን በምን ልላጋት?»

ሰይፈዲን ወደ መሬት አየ። ከባሕር ዛፉ ኋላ ያለው ጫማ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ።

«የናንተን ዘር አውቀዋለሁ፣ አቶ ካሣዬ። ጨዋ ቤት ነው። ሌላው ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ወዲያ ስላልሄድኩ ያን ያህል መቁጠር ይደክመኛል። አንድ ጠረጴዛ ቆጥሬ በቃኝ። የሷንም ነገር እኔ ብቻዬን አልጨረስኩትም። ትናንት ጠርቼ ጠየቅኋት። "ነገ ሽማግሌ ይመጣል፤ ምን ልበላቸው?" አልኳት። ልጅቷ እኔን ወጥታለች፣ ቃል አታበዛም። "ጠረጴዛውን ያሳዩአቸው" አለችኝ።

ይኸው አሳየኋችሁ።»

የሙቀጫው ድምፅ ቆመ። ገሠሠም እጁን ከጨርቁ ላይ አላነሣም፤ ጀርባውን ለጓዳው ሰጥቶ፣ አንድ ነገር እንደሚያዳምጥ ሰው አንገቱን ሰበር አደረገ። የተናገረው ልጁን አድምቷት እንደሆነ አሁን ያውቃል። ከውስጥ ሳል ተሰማ፤ የበርበሬ ሳል። ከዚያ ዘነዘናው ተነሣ፤ ዱም፣ ዱም፣ ከቅድሙ ጠንከር ብሎ። ገሠሠ ትከሻው ላላ። ጨርቁን ጨምቆ በአጥሩ ላይ አሰጣውና እንደ ሽማግሌዎቹ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«በሉ፣ እኔ አውርቼ አቆምኳችሁ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ደመናውም እየከበደ ነው። ሳልመርቅ ግን ከቤቴ ሰው አይወጣም። እናንተ አሜን እያላችሁ ተቀበሉኝና ለሚመለከታቸው አድርሱልኝ። ድምፄ ከአጥሩ የሚያልፍ ከሆነም እዚያው ባሉበት ይቀበሉ፤ አይቸገሩ።

እግዚአብሔር ጤናና ዕድሜ ይስጣቸው። የረገጡት ይለምልም። ማኅተማቸው ሰው አገር ድረስ ይሰማ። ቀን ይውጣላቸው፣ ሹመት ይጨመርላቸው፣ ክፉ አይንካቸው። ቤት ያድርጋቸው፤ ከደግ ሰው ቤት፣ ከሌላ ደጅ፣ እንደ ምድር ቻይ የሆነች መልካም ሚስት ይስጣቸው። ማሕፀኗን ይባርክላቸው።

ወንድ ልጅም ይስጣቸው፤ በመልክም በጠባይም ቁርጥ እሳቸውን የሚመስል… ሲያረጁ፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ በሱ እንዲደገፉ። አሜን በሉ እንጂ!»